ለእንግዳ የተረጨ ውሃ

«አባባ፣ እባክዎ ውሃውን ያቁሙት» አለች አቧራ ለኪዋ ፌኔት ከድንጋይ መቁረጫ ቤቱ በር እንደገባች።

ሽማግሌው ዘበኛ ዱጉማ የጎማውን ቱቦ ወደ ግንቡ ዞር አድርገው ጫማዋን አዩ። ነጭ ሸራ ጫማ ነው። ጥፋታቸው የገባቸው መስሏቸው ቱቦውን መሬት ጣሉና ከግንቡ ሥር ከተከመሩት ስብርባሪ ግራናይቶች እያነሱ መረገጫ ዘረጉላት። «በዚህ በዚህ እለፊ፣ ኢንተላኮ፣ ልጄ፤ ጭቃው አያገኝሽም» አሉ። እሷ የተናገረችው ስለ ጫማዋ አልነበረም። ስለ አቧራ ሊነጋገሩ በተቀጣጠሩበት ጠዋት ግቢው ሲታጠብ ማየቷ ቅር ብሏት ነው። ነገር ግን ዕድሜያቸው የአባቷን የሚበልጥ ሰው ጎንበስ ብለው ድንጋይ ሲያነጥፉላት «እኔ እንደዚህ አላልኩም» የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። ፌኔት ዓይን አፋር ናት። ሚኒባስ ውስጥ እንኳ «ወራጅ አለ» የሚልላት ሌላ ተሳፋሪ እስኪገኝ መውረጃዋን አልፋ የምትሄድ ሰው ናት። ዛሬም ከብስራተ ገብርኤል ተሳፍራ መካኒሳ ላይ መውረድ ሲገባት፣ አፏን ከፍታ እየዘጋች ወደ ጎፋ መንገድ አልፋ ነው በእግሯ የተመለሰችው። በድንጋዮቹ ላይ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው እየተራመደች አለፈች።

«ውሃው ግን ለምንድነው?» አለች ከተሻገረች በኋላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ለአንቺ ነዋ! እንግዳ በአቧራ ይቀበሉታል እንዴ?» ዱጉማ ሳቁ። ይህ መቁረጫ ቤት ያረፈበት መሬት ድሮ የአባታቸው የጤፍ ማሳ ነበር። ከተማው መጥቶ ማሳውን ከዋጠው ወዲህ በዚያው መሬት ላይ ዘበኛ ሆነው ቀሩ፤ ባለቤትነቱ ቢሄድም አስተናጋጅነቱ አልለቀቃቸውም። «ውሃ በፈረቃ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ በሳምንት አንዴ ከመጣ ጥሩ ነው። የባለቤቱ እህት ሐሚዳ ግን ለእንግዳ አትሰስትም። ባለፈው ስትመጪ እማ ሮቶውን አሟጠን ጨርሰነዋል።»

ፌኔት ቆመች። «ባለፈውም ለእኔ ብላችሁ ነው?»

«ታዲያ ለማን? ነጭ ጋውን ለብሰሽ መጣሽ፣ ልጅቷ በአቧራ ተበላሸች ብላ ሐሚዳ ተጨነቀች። ያን ዕለት ለሜሳ ድንጋይ ሲቆርጥ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቱቦ ይዤ ዲስኩ ላይ ውሃ ሳፈስ የዋልኩት እኔ አይደለሁ? ወገቤን እስከ ዛሬ ያመኛል።» ይህን የተናገሩት እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ ጨዋታ ነው። ቱቦውንም አንስተው ማጠባቸውን ቀጠሉ።

ያን ዕለት ቱቦ ይዘው ቆመው እንደነበር ፌኔት በደንብ ታስታውሳለች። የመጀመሪያ መምጣቷ ስለነበር አሠራራቸው ነው ብላ አሰበች፤ «በእርጥብ ይቆርጣሉ» ብላም መዘገበች። ለሜሳ የሚባለው ቆራጭ ቱታው ኮሌታ ላይ አቧራ የምትይዘውን ማጣሪያዋን፣ ወገቡ ላይ አየር የምትስበውን ትንሿን ፓምፕ አስራለት ነበር። እሱ ኮሌታውን ወደ አፉ እያስጠጋ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ቀጥታ ስርጭት» እያለ ሲያስቃት ዋለ። ማጣሪያው ላቦራቶሪ ሄደ፤ ተመዘነ፤ ውጤቱ መጣ። አሁን ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ሪፖርት የመጨረሻው ገጽ ላይ «ከገደብ በታች» ይላል። እያንዳንዱ ቁጥር ልክ ነው። ፓምፑ ልክ ነበር፣ ሚዛኑ ልክ ነበር፣ ስሌቱን ሁለቴ ሠርታዋለች። ልክ ያልነበረው ቀኑ ነው።

ሪፖርቱ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ የሚረሳበት መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ ሐሳቧ ቀለል ባላት። የዚህ ቤት ግን ሌላ ነበር። የመቁረጫ ቤቱ ባለቤት አህመድና ታናሽ ወንድሙ ሙሄ ከተነጋገሩ ሰንብተዋል። ሙሄ ለዓመታት የቤቱ አንደኛ ቆራጭ ነበር፤ የደረጃ ንጣፍም ሆነ የኩሽና ጠረጴዛ የእሱ እጅ የነካው አይንሻፈፍም ይባል ነበር። ከጊዜ በኋላ ማሳል ጀመረ፤ ቀጥሎም ጀሞ የሚገኘው ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ለመድረስ በየደረጃው መሐል መቀመጥ ጀመረ። አቧራው ነው አለ። አህመድ ደግሞ በወጣትነቱ ያጨሰው ሲጋራ ነው፣ ሥራ ሲጠላ ያመጣው ሰበብ ነው አለ። ጭቅጭቁ ጠንቶ በአረፋ ሀገር ቤት ሲገቡ አባታቸው ፊት ደረሰ። አባትየው ሁለቱንም ከሰሙ በኋላ «ለሁለታችሁም የማይወግን ይፍረድ» አሉ። ወገን የሌለው ሽማግሌ ደግሞ ከዘመድ መሐል ስለማይገኝ አቧራ በሚለካ መሣሪያ ተስማሙ። መሣሪያው አቧራው ይጎዳል ካለ አህመድ አሠራሩን ይለውጣል፤ ሙሄንም ያሳክማል። አይጎዳም ካለ ሙሄ ወይ ወደ ማሽኑ ይመለሳል ወይ ቤቱን ይለቃል። ሁለቱም በአባታቸው ፊት እጅ መትተው ተቀበሉ። ይህን ሁሉ ለፌኔት የነገረቻት በመጀመሪያው ቀን እህታቸው ሐሚዳ ናት፤ የቤቱን ሒሳብ የምትይዘውም፣ በወንድሞቿ መሐል ቃል የምታመላልሰውም እሷ ናት። በዚያን ቀን ሙሄ ልኬቱን አበላሸ እንዳይባል ከግቢው ርቆ እንዲውል ተደርጓል፤ አህመድም ለዚሁ ሲል ገበያ ሄዶ ውሏል። ቤት የቀረችው ሐሚዳ ሽማግሌ ሲመጣ የሚደረገውን አደረገች፤ ግቢውን አስጠረገች፣ ውሃ አስረጨች።

ፌኔት ከመጋዘኑ ጥግ ቆማ አለቃዋ ጋ ደወለች። ወጋየሁ ጥሩ ሰው ነው፤ ሁልጊዜ ግን ይቸኩላል። ነገሩን ስትነግረው በመኪና ጥሩምባ መሐል ሆኖ ሰማት።

«ፌኒ፣ የለካሽው ምንድነው? የነበረውን ነው?»

«የነበረውን ነው።»

«በቃ። የነበረውን ጻፍሽ። አስፈርሚና ነይ። እኛ እኮ ጠንቋይ አይደለንም፤ ባልሄድንበት ቀን ምን እንደሚሠሩ በምን እናውቃለን?»

«አሁን እኮ አወቅን» አለች ፌኔት።

እንዲህ ብላ መልሳለት አታውቅም። ወጋየሁ ተነፈሰ። «ያቺ ቁጥሩን ወዲያው የምታሳየዋ መለኪያ ቦርሳሽ ውስጥ አለች?»

«አለች።»

«ቻርጅ አላት?»

«ሞልቷል።»

«እንግዲያው ምን ትጠይቂኛለሽ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

የሐሚዳ ቢሮ ከመቁረጫው አዳራሽ በመስታወት የተከለለች ጠባብ ክፍል ናት። መስታወቱ ዛሬ ታጥቦ ያበራል፤ ጠርዙ ላይ ግን ጨርቅ ያልደረሰበት ነጭ ዱቄት አሁንም እንደ በረዶ ተጋግሮ ይታያል። ጠረጴዛው ላይ የግራናይት ናሙናዎች፣ የሻይ ፔርሙስና በሰሃን የተቆረሰ አምባሻ አለ። አህመድ ወፍራምና ፈጣን ሰው ነው፤ ሲቀመጥም የሚነሳ ይመስላል። ሙሄ ከበሩ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ቀጭን ነው፣ በዚህ ሙቀት ሹራብ ደርቧል። በመካከላቸው ካለችው አንዲት ክንድ ርቀት ይልቅ ከመካኒሳ እስከ ሀገር ቤታቸው ያለው መንገድ ያጥራል። ሐሚዳ ሻይ ቀዳች፤ ስለ ስኳር መወደድ፣ ስለ ተቆፈረው መንገድ፣ ታክሲ አሁን ከጎፋ ስንት እንደሚያስከፍል አወራች። ማንም አልተከተላትም።

«ሐሚዳ» አለ አህመድ ጣሪያውን እያየ፣ «ለወንድምሽ ንገሪው፤ ዛሬ ነገሩ ያልቃል።»

«ሐሚዳ» አለ ሙሄም መሬቱን እያየ፣ «ለወንድምሽ ንገሪው፤ ያመመኝ ሳንባዬን ነው፣ ጆሮዬን አይደለም።»

«እንግዳ ፊት!» አለች ሐሚዳ። «ወላሂ አታፍሩም? ፌኔትዬ፣ አምባሻ ውሰጂ።»

ፌኔት ሪፖርቱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እጇን ግን ከላዩ አላነሳችም። «ሪፖርቱ ከገደብ በታች ነው ይላል» አለች።

«አልሃምዱሊላህ!» አህመድ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው፤ የሻይ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። «እኔ ምን አልኩ! ስልኬ ላይ ፈልጌ አንብቤዋለሁ፤ ዓለም የፈቀደው በአንድ ሜትር ኩብ አየር ዐሥር ሚሊግራም ነው። የእኛ ስንት ሆነ?» አንገቱን አስግጎ በጣቶቿ መሐል አነበበ። «0.16! አንድ እንኳ አልሞላም እኮ! እንግዲህ ሽማግሌው መሣሪያ ፈረደ።» ፊቱ ላይ ደስታው ለአፍታ ቆይቶ በሌላ ነገር ተተካ፤ ወደ በሩ ሲያይ ሙሄ ተነስቶ የሹራቡን ዚፕ እየዘጋ ነበር። ሳሉን አፍኖ ይዞታል፤ አንገቱ ላይ ጅማቱ ተገትሯል።

«አልጨረስኩም» አለች ፌኔት።

ማንም አልሰማትም። አዳራሹ ውስጥ ማራገቢያው ያጓራል፣ አህመድ ለሐሚዳ ለአባታቸው እንድትደውል ይነግራል፣ ሙሄ የበሩን እጀታ ይዟል። ያን ጊዜ ፌኔት ራሷም ያላወቀችው ድምፅ ከደረቷ ወጣ። «አልጨረስኩም ብያለሁ! አንተም ቁጭ በል፣ አትሂድ!» ከመስታወቱ ማዶ ለሜሳ ቀና ብሎ አየ። ሙሄ በርጩማው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ፌኔት ፊቷ ሲግል ተሰማት፤ ቢሆንም አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ድምጿን መልሳ የምታስገባበት ቦታ አጣች።

«መጀመሪያ ስለ ዐሥሩ» አለች። «ዐሥሩ ተራ አቧራ የሚለካበት ነው፤ ብዙም መርዝ የሌለው ዓይነት አቧራ። ይህ ግራናይት ነው። ግራናይት ውስጥ ኳርትዝ አለ፤ ዓይን የማያየው፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የማይወጣ ብናኝ።» የአህመድን ፊት አየችው፤ አልገባውም። ሰሃኑ ላይ ያለውን አምባሻ አየች። «አቶ አህመድ፣ አንድ እፍኝ ሽሮና አንድ እፍኝ ሚጥሚጣ እኩል ናቸው?»

«አፌን ልታቃጥዪ ነው እንዴ?»

«ሁለቱም ዱቄት ናቸው እኮ። ለሽሮ የሚፈቀደው እፍኝ ለሚጥሚጣ አይፈቀድም። የኳርትዝ ገደቡ 0.05 ነው። ላቦራቶሪው እንዳለው የእናንተ ድንጋይ ደቃቅ አቧራ ከአራት እጅ አንዱ ኳርትዝ ነው። እንግዲህ 0.16ን ለአራት ያካፍሉት።»

ነጋዴ ነው፤ አንገቱን ሳያቀና አካፈለው። «0.04። ያው ከገደብ በታች ነው።»

«በትንሽ። አዎ፣ ከገደብ በታች ነው።» ፌኔት ወደ ሐሚዳ ዞረች፤ ይህ ከሁሉም የከበዳት ነበር። «ወይዘሮ ሐሚዳ፣ እኔ ባልመጣሁ ቀን ለሜሳ ሲቆርጥ ዲስኩ ላይ ውሃ የሚያፈስስ ሰው አለ?»

«ምን? የለም፤ በደረቁ ነው እንጂ። ውሃ ከየት ይመጣል?» አለች ሐሚዳ ሻይ እየቀዳች። ከዚያ ፔርሙሱ አየር ላይ ቀረ። ሻዩ ከብርጭቆው አልፎ ናሙናዎቹ ላይ ሲፈስ ማንም አልጠረገውም። ሐሚዳ መጀመሪያ ፌኔትን፣ ቀጥላ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት፣ በመጨረሻም ሙሄን አየች። «እኔ… እንግዳ ናት ብዬ… ጋውኗ ነጭ ነው ብዬ እኮ ነው።» ድምጿ ተሰበረ። «ያ ረቢ! በገዛ እጄ ወንድሜን ላስፈርድበት ነበር?»

«ታዲያ መሣሪያሽ ዋሽታለች?» አለ አህመድ፤ አሁን ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«አልዋሸችም። የዚያን ቀን አየር እንደዚያ ነበር። ይህ ሪፖርት የዚህ ቤት አይደለም፤ ይህ ቤት በውሃ ቢቆርጥ የሚሆነው ነው። የዚህን ቤት ማየት ከፈለጉ አሁን ማየት እንችላለን።» ተነሳች። ነጭ ጋውኗን አወለቀችና አጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረችው።

አዳራሹ ውስጥ ለሜሳ አንድ ጥቁር ግራናይት ጠረጴዛው ላይ አስተካክሎ ቆሞ ነበር። ዱጉማ ቱቧቸውን ይዘው ሲመጡ ፌኔት በእጇ አገደቻቸው። «አባባ፣ አሁን ውሃ አይፍሰስ።» ደግማ አስረዳቻቸው፣ ስለ ጫማዋ እንዳይመስላቸው። ከቦርሳዋ ማስኮች አውጥታ ለሁሉም አደለች፤ ሙሄን ከአዳራሹ ውጪ በሩ ላይ አቆመችው። ከእጇ መዳፍ ብዙ የማትበልጠውን መለኪያ የለሜሳ ትከሻ ላይ፣ ከአፍንጫው አጠገብ አሰረችው። ቁጥሩን ወዲያው የሚያሳይ መስኮት አለው። ሁሉም እንዲያዩት ወደ ውጪ አዞረችው።

«እንደ ዘወትሩ ቁረጥ» አለችው። «እኔ የለሁም ብለህ አስብ።»

«ጋውንሽስ?» አለ ለሜሳ በማስኩ ውስጥ።

«ዛሬ እንግዳ አይደለሁም። የቤት ልጅ ነኝ።»

«የቤት ልጅ ከሆንሽ እንግዲህ ጉድሽን እይ» ብሎ ማሽኑን አስነሳው።

ዲስኩ ድንጋዩን ሲነካ ጩኸቱ ጥርስ ያሳክካል። ከድንጋዩ ግራጫ ጭስ የሚመስል ነገር ተነስቶ ለሜሳን እስከ ወገቡ፣ እስከ ደረቱ፣ እስከ ዓይኑ ሸፈነው። ጠዋት የታጠበው መስታወት ሲደበዝዝ ታየ። በጣሪያው ቀዳዳ የገባው የፀሐይ ዘንግ የሚጨበጥ ምሰሶ መሰለ። መስኮቱ ላይ ቁጥሩ አንድ አለፈ፤ ሁለት፤ ሦስት ተኩል። አህመድ ቀስ በቀስ ተጠጋ። ይህን አዳራሽ ሠርቶታል፤ ማሽኖቹን ከነጋዴ ጋር ተከራክሮ ገዝቷቸዋል፤ በየቀኑም ያልፍበታል። ነገር ግን ሁልጊዜ ደንበኛ ይዞ፣ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ እየተቻኮለ ነው የሚያልፈው። ቆሞ አይቶት አያውቅም። ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ሲል ቆይቶ ስድስትና ሰባት መሐል ረጋ። ፌኔት እጇን አነሳች፤ ለሜሳ ማሽኑን አጠፋ። መለኪያው የያዘውን አማካይ አነበበች።

«6.4» አለች።

አህመድ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ታየ። ለአራት እያካፈለ ነው። «አንድ ነጥብ ስድስት» አለ፤ ከዚያም በገደቡ ለካው፤ ዓይኑን ጨፈነ። «ሠላሳ… ሠላሳ ሁለት እጥፍ?»

«ይህ በሚቆርጥበት ሰዓት ያለው ነው» አለች ፌኔት። ነገሩን ማጋነን አልፈለገችም፤ እውነቱ በራሱ በቂ ነበር። «ገደቡ የስምንት ሰዓት አማካይ ነው። ለሜሳ ቀኑን ሙሉ አይቆርጥም፤ ይለካል፣ ይጭናል፣ ምሳ ይበላል። ይህቺም መለኪያ ግምቷን ነው የምትሰጠን፤ የመጨረሻውን ማጣሪያውና ላቦራቶሪው ይናገራሉ።»

«ግማሽ ቀን ይቆርጣል» አለ አህመድ። ማንም ሳይጠይቀው፣ በራሱ ላይ እየፈረደ ማስላቱን ቀጠለ። «ግማሽ ከሆነ ዐሥራ ስድስት እጥፍ። ትእዛዝ ሲበዛ ግን ሙሉ ቀን ነው። ሙሄ በነበረበት ጊዜ እማ…» የሙሄን ስም ከሐሚዳ ውጪ ለሌላ ሰው ሲጠራ ከአረፋ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

«አሁን ውሃውን፣ አባባ» አለች ፌኔት።

ዱጉማ ወገባቸውን ይዘው እያጉረመረሙ መጡ። «አቁም፣ ክፈት፤ አቁም፣ ክፈት። ይህቺ ልጅ ውሃ ቢሮ ትቀጠር።» የቱቦውን አፍ ዲስኩ ላይ አነጣጠሩ። ፌኔት አዳራሹ በደንብ እስኪናፈስ አስጠበቀቻቸው፤ መለኪያዋ የውሃውን ጠብታም እንደ አቧራ ስለምትቆጥር ፍንጣቂ በማይደርስበት በኩል አዙራ አሰረቻት። ለሜሳ ማሽኑን አስነሳ። ድንጋዩ ጮኸ፤ ጭሱ ግን አልመጣም። ከዲስኩ ሥር ግራጫ ጭቃ እየተንጠባጠበ ወደ መሬት ወረደ፤ መስታወቱ እንዳለ ቀረ። ቁጥሩ ወደ አንድ ሳይጠጋ እታች ተንሳፈፈ፤ ለሜሳ ቆርጦ እስኪጨርስም ከዚያ አልተነሳም። ለሜሳ ማስኩን አውርዶ መስኮቱን አጎንብሶ አየና «ቀጥታ ስርጭት ይሏል ይህ ነው!» ብሎ ጮኸ። ከመጋዘኑ በኩል ያሉ ሠራተኞች ሳቁ፤ ዱጉማም ውሃውን መዝጋት ረስተው ሳቁ፤ የፌኔት ነጭ ጫማ በግራጫ ጭቃ ተነከረ። እሷም ሳቀች።

ያልሳቀው አህመድ ብቻ ነው። የፈሰሰውን ጭቃ በዓይኑ ተከትሎ ከአዳራሹ ኋላ በር ወጣ። ውሃው በራሱ ጊዜ ዝቅ ወዳለው ቦታ ሄዶ፣ የተሰባበረ ድንጋይ ከተሞላበት አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይሰርግ ነበር። ይህን ጉድጓድ የቆፈረው ሙሄ ነው። ማሳል እንደጀመረ አካባቢ፣ ውሃ በፈረቃ ከሆነ ያንኑ ውሃ ደጋግመን እንጠቀምበት ብሎ፣ ጭቃው የሚዘቅጥበትና ከላይ ያለው ውሃ በፓምፕ ወደ ዲስኩ የሚመለስበት ጉድጓድ ቆፍሮ ነበር። አህመድ ከመንገድ ሲመለስ የደንበኛ መኪና ጎማ ገብቶበት አገኘውና ሳይጠይቅ በስብርባሪ ድንጋይ አስሞላው። ጠቡ የጀመረው ያን ዕለት ነው። ሁለቱም ግን ስለ ሳል፣ ስለ ሲጋራ፣ ስለ ስንፍና ተናግረው ስለ ጉድጓዱ በአባታቸው ፊት እንኳ አላነሱም።

ሙሄ ከኋላው መጥቶ ቆሟል። ሐሚዳ በሁለቱ መሐል እንደለመደችው ቃል ልታመላልስ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች።

«ሙሄ» አለ አህመድ። ሐሚዳ አፏን ዘጋች። «ጥልቀቱ ስንት ነበር?»

«ለአንድ ሰው እስከ ደረቱ» አለ ሙሄ። «ለአንተ እስከ ሆድህ።»

አህመድ ወደ ሆዱ አየ። «ተሳዳቢ» አለ፤ ዓይኑ ግን ሞልቶ ነበር። «ፓምፕ ይበቃዋል?»

«ትንሽ ይበቃዋል። ሁለት በርሜል ደግሞ ከጎን።» ይህን ሲል ሳሉ መጣበት፤ በዚህ ጊዜ አላፈነውም። አጎንብሶ ረጅም ሳል ሳለ። አህመድ እጁን ጀርባው ላይ አድርጎ እስኪጨርስ ቆመ። ሲጨርስ ወደ ፌኔት ዞረ። «እህቴ፣ ለሜሳና እነዚህ ልጆች ከእንግዲህ በውሃ ይቆርጣሉ። ይሄኛውስ? ውሃ ይሄኛውን ያድነዋል?»

ፌኔት አዎ ብላ ልታስደስተው ፈልጋ ነበር። «ሳንባው የገባውን አቧራ ውሃ አያወጣውም» አለች። «ቁጥሩም ከገደብ በታች ሆነ ማለት ምንም አቧራ የለም ማለት አይደለም። እሱ ወደ መቁረጫው መመለስ የለበትም። ሐኪም ይየው፤ የደረት ራጅ ይነሳ። ሲሠራ የኖረውን ለሐኪሙ ንገሩት፤ አቧራው ምን እንደሆነ እኔ ጽፌ እሰጣችኋለሁ። የቀሩትም ሠራተኞች ይመርመሩ።»

«ይሆናል» አለ አህመድ። እንደ ነጋዴ አላንገራገረም፤ ዋጋውንም አልጠየቀም። «ለአባታችን ደውዪለት፣ ሐሚዳ። ሽማግሌው ሁለቴ መጣ በይው፤ ሁለተኛው ፈረደ።»

ፌኔት ወደ ቢሮው ተመልሳ ሪፖርቱ ላይ «ከገደብ በታች» ከሚለው ሥር በእጅ ጽሑፍ ጨመረችበት፤ ልኬቱ በእርጥብ አቆራረጥ ቀን የተወሰደ መሆኑን፣ የዘወትሩ አሠራር ግን ደረቅ መሆኑን፣ የዛሬውን የሁለት ጊዜ ንባብ፣ አሠራሩ ከተለወጠ በኋላም የሙሉ ቀን ልኬት እንደሚደገም ጻፈች፤ ፈረመችም። ሐሚዳ አምባሻውን በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችላት፤ አልፈልግም ማለት አልተቻለም። ጫማዋንም ልታጥብላት ስትል ዱጉማ ከበሩ ሆነው «ተያት! የቤት ልጅ ናት፣ ጭቃ ለምዳለች» ብለው አስቆሟት። ወደ ብስራተ ገብርኤል ስትመለስ ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር፤ መውረጃዋ ሲደርስ ማንም የሚወርድ አልነበረም። «ወራጅ አለ!» አለች። ረዳቱ ቆጣ ብሎ «ሰማን እኮ፣ የምን ጩኸት ነው» አላት። ታክሲው ቆመ፤ በጭቃ ጫማዋ ወረደች።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ከጉድጓዱ የመጀመሪያውን ድንጋይ ያወጣው አህመድ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሁለቱ ወንድማማቾች የመቁረጫ ቤቱን ለሐሚዳ ትተው ሙሄን ለማስመርመር አብረው ሄዱ።